ጦሩን የቀጠቀጠው ማን ነው?



በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ የሚቈጠረውን መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ሁሉ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ አዛዝኤል የተጻፈውን ያስታውሳል። የሰይፍና የጋሻ አሠራር ወደ ሰው ልጆች የገባው በእርሱ አስተማሪነት እንደ ሆነ በዚያ ተተርኳል። ይህን ምዕራፍ በዲቁና ትምህርታችን ዘመን ሰምተነዋል፥ አንብበነዋልም። በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ወደ ማስተማር በገባን ጊዜ ግን ነገሩ እኛኑ የሚነካ ሆኖ አገኘነው። አዛዝኤል በዚያ ስፍራ የተወቀሰው ሰይፍ መዞ ሰው በመግደሉ ሳይሆን አሠራሩን በማስተማሩ ነውና።

ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ይኸው የሠሪው ነገር ነው። የካሜራ፥ የሞተርና የኮምፒዩተር ጥበብ ያላቸው ኩባንያዎች ለጦርነት በሚውል ሥራ ላይ እጃቸውን በሚያገቡበት ጊዜ እስከ ምን ድረስ ይጠየቃሉ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ የሩቅ አገር ሰዎች ክርክር ይመስለን ነበር። አሁን ሩቅ መሆኑ ቀርቷል።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። ወራቱ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ዕለቱም የእመቤታችን ጽንሰት የሚታሰብበት ነው። በዚያ ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ ከአየር በወረደ መሣሪያ በጥቂቱ 26 ሰዎች እንደ ሞቱ የዜና ማሰራጫዎች የሆስፒታል ሰዎችን ጠቅሰው ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በማግሥቱ ባወጣው መግለጫ፥ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በደብረ ብርሃን ሰላማውያን ሰዎች መጐዳታቸውን የሚያስረዳ የታመነ ወሬ እንደ ደረሰው ገለጸ። የከተማችን ስም በግእዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መተርጐም አያስፈልግም።

ከዚያም በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ስለ ሆነ ሁለት ነገር የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት መሥሪያ ቤት አስታወቀ። በ26ኛው ቀን በሰሜን ሸዋ በወደራ ወረዳ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ድሮን በጣለው መሣሪያ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ሦስቱ መምህራን ነበሩ። በ29ኛው ቀን ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም በዋበር ከተማ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች ሞቱ። የሞቱት መምህራን ጠመኔ እንደ እኛው የሚይዙ ሰዎች ነበሩና ያንን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብነው።

ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ ድምፁ ሲሰማ ሕፃናቱ ብዕራቸውን ያኖራሉ። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ንብ ነው» አለ፤ ጓደኞቹን ለማጽናናት ይመስለናል። ከፊት የነበረች ልጅ ግን ቀና ሳትል፥ «ንብ አይደለም፤ ንብ መጥቶ ይሄዳል፤ ይኼ አይሄድም» ብላ መለሰችለት። ንብ በሚያነቡበት አገር የተወለደች ልጅ ናትና እርሷን ለማረም የደፈረ አልነበረም።

ማን አዘዘ፥ ማንስ ወረወረ፥ ጠቡስ በማን ተጀመረ የሚለውን በዚህ ገጽ አንፈርድበትም፤ ፈራጅ አለው። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ቀድሞ ያለውን ነው፤ ጦሩን የቀጠቀጠው ማን ነው?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ባለ እጅን ያውቃል። የእርሻ ወራት ሲቃረብ ገበሬው የደነዘ ማረሻውን ተሸክሞ ወደ ወናፉ ይሄዳል። ባለ እጁም በፍም አግሎ፥ በመዶሻ ደብድቦ፥ አፉን አውጥቶ ይሰጠዋል፤ ዋጋውን በእህል ይቀበላል። ማጭዱንም፥ ምሳሩንም፥ የጦሩንም ጫፍ የሚሠራው ያው እጅ ነው። አገራችን ለዚህ ሰው የሰጠችው ስም የሚያሳፍር ነበረ። ጠይብ አልነው፤ በዐይኑ ሰው ይበላል አልነው፤ ልጃችንን ከለከልነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የነቀፌታውን ጥልቀት ያሳያል። በዚያው ጦር ሰው የገደለው ግን ፎከረ፥ ተሸለመ፥ በሠርግ ላይ ከፍ ካለ ስፍራ ተቀመጠ።

ይህ ፍርድ ጠማማ ነበረ፤ ዛሬም በየመንደሩ አልጠፋም። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት አንድ የማይሰወር ነገር ነበረ። ጦሩን ማን እንደ ቀጠቀጠው መንደሩ ያውቃል፤ ባለ እጁም ጦሩን ያዘዘውን ሰው ፊት ለፊት ያየዋል። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን፥ አንድ ባለ እጅ ያዘዘው ሰው ከወንድሙ ጋራ በድንበር እንደ ተጣላ በሰማ ጊዜ «ዛሬስ ከሰል የለኝም» ብሎ ይመልሰው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፤ ዛሬም ከሰል የለም። ነገሩ በሽማግሌ እስኪታረቅ ድረስ ከሰል አይገኝም።

ወደ ታሪክ ስንመለስ ደግሞ ጋፋትን እናገኛለን። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በዚህ ስፍራ፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ዋልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደርና ማየር የሚባሉ የውጭ አገር ሰዎች ከጓደኞቻቸው ጋራ ተቀምጠው ነበር። ከስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ቤት የወጡና በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በጎባት አሳብ የተላኩ የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። አሳባቸው በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን ማስተማር ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ፤ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም። ሞከሩ፥ ከሸፈ፥ ደግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። እርሱን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ተጠረገ፥ ተራራ ተቈረጠ፥ ሰው እንደ በሬ ተጠምዶ ወራት የፈጀ ጕዞ ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። መድፉ አላዳናቸውም፤ እስከ ዛሬ በዚያው አምባ ላይ ተጋድሞ ጐብኚ ያየዋል።

በኋላ ዘመን አንድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በዚሁ በጋፋት ስም ተጠርቷል። በ2002 ዓ.ም. ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በተቋቋመ ጊዜም ትራክተሩና የጦር መሣሪያው፥ የስኳር ፋብሪካውና የግድቡ ሥራ በአንድ ጣራ ሥር ገቡ። ይህም የማረሻና የጦር ባለ እጅ አንድ ከመሆኑ የመጣ የቆየ ነገር ነው፤ እምብዛም አያስደንቀን።

ስለ ጋፋት ሰዎች የምንለው ግን አለ። የሚሠሩትን ያውቁ ነበር፤ እንቢ ለማለት ግን አቅም አልነበራቸውም፤ ሕይወታቸው በንጉሡ እጅ ነበረችና። የዛሬዎቹ ኩባንያዎች ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። እንቢ ለማለት ይችላሉ፤ ስለ ሥራው ሲጠየቁ ግን አናውቅም ይላሉ። አናውቅም ለማለት እንዲመች ሆኖም ሥራው ተከፋፍሏል።

ምሳሌ እናምጣ። ባይራክታር ቲቢ2 የሚባለውን ድሮን የሚሠራው ባይካር የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲቋቋም የመኪና ዕቃ ለመሥራት ነበረ። ድሮኑ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሜትር ነው፤ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በአየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ሞተሩ ሮታክስ ይባል ነበር፤ በኦስትሪያ አገር ለትናንሽ የመዝናኛ አውሮፕላኖች የሚሠራ ነው። የሮታክስ ባለቤት ደግሞ በበረዶ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ በመሥራት የታወቀ የካናዳ ኩባንያ ነው። ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለውና ዒላማውን የሚያየው ካሜራ ዌስካም ከተባለ የካናዳ ኩባንያ ይመጣ ነበር። ቦምቡን የሚሠራው ሮኬትሳን የተባለ ሌላ የቱርክ ኩባንያ ነው። እንግዲህ የሞተሩን ሠሪ ብትጠይቁት ለመዝናኛ ሠራሁ ይላችኋል፤ የካሜራውን ሠሪ ብትጠይቁት ማየት ኃጢአት አይደለም ይላችኋል። እያንዳንዱ የያዘው ቁራጭ ሲታይ ንጹሕ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በናጎርኖ ካራባክ በአርመንና በአዘርባጃን መካከል ጦርነት በሆነ ጊዜ ቁራጮቹ በፍርስራሽ መካከል ተገኙ። የሞተሩ ኩባንያ ሞተሩ ለሲቪል አውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን ገልጾ ሽያጩን አገደ። የካናዳ መንግሥትም የካሜራውን ፈቃድ መጀመሪያ አገደ፥ በሚያዝያ 2021 ሰረዘ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል፤ ሊቆም የማይችል የተባለው ነገር ለጊዜውም ቢሆን ቆሟል። እርግጥ ነው፥ ቱርክ የራስዋን ካሜራ በቦታው ተካች፤ ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2024 ክልከላውን አነሣች። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል የሚሉ ሰዎች በዚህ ይደሰታሉ። እኛ ግን በሩን ዘግቶ የነበረ ሰው ስለ ነበረ፥ ሁሉ አናውቅም ሊል እንደማይችል ከዚህ እንረዳለን።

ለእኛም አገር ቁራጩ ደርሷል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የጌታችን የልደት በዓል ነው። በዚያ ዕለት በትግራይ በደደቢት፥ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ላይ ከድሮን በወረደ ቦምብ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሰብአዊ መብት ተቈርቋሪዎች የስብርባሪውን ፎቶግራፍ መርምረው ሮኬትሳን የሚሠራው ማም-ኤል የተባለ ቦምብ መሆኑን አስታወቁ። የዚህ ቦምብ ክብደት 22 ኪሎ ግራም ነው፤ አንድ ገበሬ ወደ ቡሬ ገበያ በትከሻው ከሚያወርደው ጤፍ ያንሳል። ሙታኑ ከዚያ ወገን ናቸው ወይስ ከዚህ ብሎ የሚለይ ሰው ቢኖር፥ በሁለቱም ወገን በዚያው ዕለት ልደት እንደ ተከበረ ያስብ።

በአሜሪካም የሆነ አለ። የጦር ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ማቨን የተባለ ሥራ ጀመረ፤ ይኸውም ድሮኖች የሚያነሡትን ፊልም ሰው ተቀምጦ ከሚያይ ይልቅ ኮምፒዩተር እንዲለየው ለማድረግ ነው። ጉግል የተባለው ኩባንያ በሥራው ገባ። በ2018 ከ3,000 የሚበልጡ የኩባንያው ሠራተኞች በጦርነት ንግድ ውስጥ መግባት የለብንም ብለው ፈረሙ፤ ጥቂቶችም ሥራቸውን ለቀቁ። ኩባንያውም ውሉን እንደማያድስ፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ለጦር መሣሪያ እንደማይሠራ ቃል ገባ። ይህ ቃል በየካቲት 2025 ከመመሪያው ተፋቀ። ማቨንም በሌሎች እጅ ቀጥሏል። ሰባት ዓመት ያልሞላ ቃል ነው። ቢሆንም ከነዚያ ፈራሚዎች አብዛኞቹ ቦምብ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፥ ቍጥርና ፊደል ብቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ድርሻቸውን አወቁ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ መድፍና ጠመንጃ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በዚህ ፊደል የምንጽፍ ላንሆን እንችል ነበር። ከነዚያ ጠመንጃዎች ከፊሉን ጣልያን ራሱ ከዐፄ ምኒልክ ጋራ በተስማማበት ዘመን የሰጠው እንደ ነበረ ስናስብ ፈገግ እንላለን። ከዐድዋ 40 ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ጣልያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ውል ፈርሞ ሳለ ጋዙን ከአውሮፕላን በሠራዊታችንና በሕዝባችን ላይ ረጨ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ይህን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያንን ጋዝ በፋብሪካ ያበሰለ ኬሚስት ነበረ፤ ደመወዙን ተቀብሎ ማታ ከልጆቹ ጋራ እራት በልቷል። አገርን የሚጠብቅ መሣሪያ ሁሉ ርኩስ ነው የሚል መምህር እኛ አይደለንም። ይሁን እንጂ ለዐድዋው መድፍና ለጋዙ አንድ ስም ሰጥቶ «መሣሪያ ነው፥ እኔ ሠሪ ብቻ ነኝ» ማለት አይበቃም። ኩባንያዎቹ በውላቸው «ለሁለት ዓላማ የሚውል ዕቃ» የሚሉት ነገር አለ። ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ አነጋገር አዲስ አይሆንበትም፤ ሰሙ እርሻና መንገድ፥ ወርቁ ጦርነት ነው። በቅኔ ቤት ግን ወርቁን ደብቆ ሰሙን ብቻ ተርጕሞ የሚወጣ ተማሪ አይመሰገንም።

እኛስ? የመድፍ ጥይት በአየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ ከሰሌዳ ላይ የምንሥለው እኛ ነን፤ ከየትኛው ማዕዘን ቢተኰስ የት እንደሚወድቅ ማስላትን እናስተምራለን። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ስሌቱን በትክክል ሠርታ ከጨረሰች በኋላ «መምህር፥ የሚወድቅበት ቦታ ማን አለ?» ብላ ጠየቀች። በፈተናው ይህ ጥያቄ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሰሌዳው ላይ መስመሩ መሬት በሚነካበት ስፍራ ትንሽ ጎጆ እንሥላለን፤ ልጆቹም ጎጆዪቱን የሚያልፍ ማዕዘን እንዲፈልጉ እናዛለን። ትምህርቱ ያው ነው፤ ቍጥሩ ግን ትንሽ ይከብዳል።

ይህን ሁሉ እንድንጽፍ የገፋፋን ከቀድሞ ተማሪዎቻችን የአንዱ ደብዳቤ ነው። ልጁ ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጣ፥ በሒሳብ ከጓደኞቹ ሁሉ የበለጠ ነበረ። አሁን በአዲስ አበባ፥ ከውጭ አገር ሥራ እየተቀበለ በሚያሠራ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበረ፥ በወረቀት ጽፎ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከልን። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል።

«መምህሬ፥ ሥራዬ ከላይ የተነሡ ፎቶግራፎችን እያየሁ በላያቸው ላይ ሣጥን መሣል ነው። መኪናውን መኪና፥ ቤቱን ቤት፥ ሰውንም ሰው ብለን ስም እንሰጣለን፤ ኮምፒዩተሩም ከእኛ ይማራል። እንግዲህ እኔም እንደ እርስዎ መምህር ሆኛለሁ ማለት ነው። ሥዕሉ ከወዴት እንደ መጣ፥ ለማንም እንደሚሄድ አይነገረንም፤ አለቃችን ለመንገድ ጥናትና ለእርሻ ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ክብ የዛፍ ደን፥ በመካከሉም ክብ ጣራ ያለበት ሥዕል ደረሰኝ። አገሩ የት እንደ ሆነ አልተጻፈበትም፤ ነገር ግን ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚታይ ለእኔ ማን ይነግረኛል? ከተሰጡን ስሞች መካከል ቤተ ክርስቲያን የሚል ስለሌለ ሕንፃ ብዬ አለፍሁ። በዛፎቹ ሥር ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸውን በሣጥን ከብቤ ሰው አልኋቸው፤ 41 ሆኑ። ይህ ኃጢአት ነውን?»

ለመልሱ አንድ ሳምንት ፈጀብን። ከሥራህ ውጣ ብሎ መጻፍ ቀላል ነበረ፤ እናቱን ግን እናውቃቸዋለን። በቆሎና በርበሬ ይዘራሉ፤ የማዳበሪያቸውን ዕዳ የሚከፍለው፥ የታናሽ እኅቱንም ደብተር የሚገዛው ይኸው የሣጥን ገንዘብ ነው። ልጁ ቢወጣም በማግሥቱ በወንበሩ ላይ ሌላ የገበሬ ልጅ ይቀመጣል። ዝም ብለህ ሥራ ማለት ግን እጃችን አልጻፈም። ሠራተኛ ያዘዘውን ሰው ፊት ለማየት መብት አለውና አለቃህን ጠይቅ፤ ገዢው ማን ነው? ሥዕሉ የሚመታ ሰውን ለመምረጥ ይውላልን? እንዲህ ያለውን ሥራ አልሠራም የሚል ሠራተኛ እንጀራውን ሳያጣ ሌላ ሥራ ይሰጠዋልን? ይህንም ብቻህን በቃል አትጠይቅ፥ ከጓደኞችህ ጋራ በጽሑፍ አድርገው፤ አንድ ቅጂም ለራስህ አስቀር ብለን ጻፍንለት።

አስቀድሞ በቃል ጠይቆ ነበረ። አለቃው ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ነግሮናል፤ በትሕትና አስቀምጠው የገዢውን ስም መግለጥ ውሉ እንደሚከለክላቸው፥ እርሳቸውም ራሳቸው ከመካከለኛው ኩባንያ በቀር እንደማያውቁ አስረዱት። ይህን ስናነብ የሮታክስ ሞተር ትዝ አለን።

በጽሑፍ ለማድረግ ብዙ ጊዜ ወሰደ። አብረውት ከሚሠሩት 30 ያህል ወጣቶች መጀመሪያ የፈረመ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ ፈሩ፥ ሊፈሩም ይገባቸዋል። በኋላ አንዲት የወሎ ልጅ ፈረመች፤ ከእርሷ በኋላ ሌሎች ተከተሉ፤ ዘጠኝ ሲሆኑ ወረቀቱን አገቡ። ከገባ ሦስት ወር ሆነው። አለቃው መቀበላቸውን በቅጂው ላይ ፈርመውለታል፤ መልሱ ግን ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ አልመጣም። ሥዕሎቹ ሳያቋርጡ ይመጣሉ። ክብ ደን ያለበት ሲደርሰው ግን ሣጥን ሳይሥልበት «በደንብ አይታይም» ብሎ እየመለሰው እንደ ሆነ ባለፈው ፋሲካ ለእናቱ ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ ነገረን።